መኪናችሁን ግቢ ውስጥ ስታጥቡ ቀለሙን እንዳትቧጭሩት

የመጀመሪያ መኪናዬ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ነበረች። አሮጌ ናት፤ ቀለሟ ግን ያምር ነበር። በገዛኋት በዓመቷ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ አቁሜያት ስመለስ ኮፈኗ ላይ የሸረሪት ድር የተዘረጋ መሰለኝ። በእጄ ልጠርገው ሞከርኩ፤ የሚጠረግ አይደለም። ክብ ክብ የሆነ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ነው። ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል።

ጋራዥ ወስጄ ለአንድ ቀለም ቀቢ አሳየሁት። የስልኩን መብራት አበራና ወደ ኮፈኑ አስጠጋው። «በምንድን ነው የምታስወለውላት?» አለኝ። የግቢያችን ዘበኛ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ እንደሚወለውሉልኝ ነገርኩት። «በቃ፣ እሱ ነው። አቧራውን ቀለሙ ላይ እየፈጩት ነው» አለኝ።

ዘበኛው ጥፋት የለባቸውም። በዚያ ብርድ ተነስተው፣ ውሃ ቀድተው፣ ለእኔ ብለው ነው የሚደክሙት። እሳቸውም አላወቁም፣ እኔም አላወቅሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መኪና ማጠብን እንደ አዲስ ተማርኩት። አቧራ ዝም ብሎ ቀለም ላይ ቢቀመጥ የሚያደርሰው ጭረት የለም። ጭረቱ የሚመጣው ጨርቅ ይዘን ስናንቀሳቅሰው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር የሚነሳ ነው፦ አቧራው መጀመሪያ በውሃ ይውረድ፣ እጃችሁ ከዚያ በኋላ ይንካ።

የሚጫረው ምኑ ነው?

የመኪና ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከብረቱ ቀጥሎ አንቲረስት የሚባለው ዝገት ከልካይ ቀለም አለ። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት፣ ቀለም የሌለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለ። ከፋብሪካ እንደወጣች ባለች መኪና ላይ የክሊሩ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነው። የራሳችን ፀጉር እንኳ ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። እንግዲህ ቀለሙን የሚጠብቀው ሽፋን ከአንዲት ዘለላ ፀጉር ይቀጥናል።

አቧራው ውስጥ ያለው ደግሞ የድንጋይ ብናኝ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ሲሊካ ብርጭቆ እንኳ ይጭራል፤ ክሊር ለሱ ምኑም አይደለም። ብርጭቆ ወረቀት ማለት ወረቀት ላይ የተለጠፈ ደቃቅ ድንጋይ ነው። አቧራ የለበሰ ኮፈን በጨርቅ ስንወለውል ብርጭቆ ወረቀቱን እዚያው ሠርተን እዚያው እየተጠቀምንበት ነው።

«ችግር የለም፣ ፖሊሽ ያጠፋዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ፖሊሽ ጭረትን የሚያጠፋው በዙሪያው ያለውን ክሊር ልጦ እኩል በማድረግ ነው። በተሠራ ቁጥር ክሊሩ ይሳሳል። ስለዚህ ዋናው ሥራ መጀመሪያውኑ አለመጫር ነው።

ዕቃችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

ሦስት ባልዲ ያስፈልጋችኋል። አንዱ ለሻምፖው፣ አንዱ ንጹህ ውሃ ለማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው ለጎማና ለቸርኬ ብቻ። የጎማውን ባልዲ ቀለሙን ለይታችሁ ግዙት፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

የማለቅለቂያው ባልዲ ሥር አሸዋውን የሚይዝ ወንፊት መሳይ ነገር ይገባል። ካላገኛችሁ የፕላስቲክ የፓስታ ማጥለያ ደፍታችሁ አስቀምጡበት። እኔ አሁንም የምጠቀመው እሱን ነው። አሸዋው በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ጓንታችሁ ደግሞ ተመልሶ አይደርስበትም።

ለማጠቢያ ፀጉራም የማይክሮፋይበር ጓንት ያዙ። ስፖንጅ አልመክርም። ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋውን ከቀለሙ ጋር አጣብቆ ነው የሚጎትተው። የጓንቱ ፀጉር ግን አሸዋውን ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ለማድረቂያ ሁለት ትልልቅ ወፍራም የማይክሮፋይበር ፎጣ፣ ለመስታወትና ለውስጥ ደግሞ ሦስት አራት ትንንሽ በቂ ነው። ጠርዙ ላይ የተሰፋውን ምልክት በመቀስ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ እሱም ይጭራል። መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይህን ሁሉ ታገኛላችሁ። ማይክሮፋይበሩን ስትገዙ ዳብሱት። እጃችሁ ላይ ያዝ፣ ሳብ የሚያደርግና ወፈር ያለ ከሆነ ጥሩ ነው።

ሳሙናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና መኪና ላይ አይደረግም። የተሠራው ከጨርቅ ላይ ቅባት እንዲነቅል ነው፤ ኃይለኛ ነው። ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ያነሳል፣ ፕላስቲኩንና ላስቲኩንም ያደርቃል። በደንብ ያልሟሟ ፍሬ ካለው ደግሞ ራሱ ይቧጭራል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናም ሰሙን ያነሳል። አንድ ቀን ሌላ ቢጠፋ መኪናዋን አይገድላትም፤ በየሳምንቱ ግን አይሆንም። የመኪና ሻምፖ አንድ ጊዜ ከተገዛ ብዙ ወር ያገለግላል፤ የሚጨመረው በጠርሙሱ ክዳን እየተለካ ነው። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ አታብዙ።

ናፍታና ነጭ ጋዝም አለ። ቀለሙን ለጊዜው ያብለጨልጨዋል፣ ያ እውነት ነው። ግን ላስቲኩን ያሳብጣል፣ ሰሙን ያጥባል፣ ቅባቱ ላይ አቧራ ይለጠፍበታል። የሞቀ ሞተር ላይ ከሆነ እሳትም ነው። አንድ ላቫጆ ውስጥ ሳልጠየቅ ጎማውንና ፓራፋንጎውን በናፍታ አብሰውልኝ በማግስቱ አቧራው እንደ ሱፍ በቅሎበት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ላቫጆ ስገባ አስቀድሜ «ናፍታ አይነካትም» እላለሁ።

ውሃ ስንት ይፈጃል?

ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቱቦ ባይኖራችሁም አትጨነቁ። አበባ የሚጠጣበት ቀዳዳ አፍ ያለው የውሃ ማጠጫ ከቱቦ ባልተናነሰ ይሠራል፤ ውሃ ቆጣቢም ነው። በእጅ የሚነፋ የፕላስቲክ መርጫ ካላችሁ ደግሞ ይበልጣል። ተባይ መድኃኒት ገብቶበት የማያውቅ አዲስ ይሁን።

ክረምት ላይ ከጣራ የወረደ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስላለው ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። የዝናብ ውሃ ያ የለውም። እኔ አንዷን ጀሪካን ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ለይቼ እይዛለሁ። ጣራው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ ያለውን ውሃ ነው መያዝ፤ የመጀመሪያው የጣራ ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል።

ሰዓትና ቦታ

ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ አለዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ። ጥላ ሥር ይሁን። ኮፈኑን በመዳፋችሁ ንኩት፤ ቀዝቃዛ ካልሆነ ጠብቁ። ሙቅ ብረት ላይ ሻምፖው ሳይለቀለቅ ይደርቅና እድፍ ይሆናል። ቀለበታችሁን፣ ሰዓታችሁን፣ የቀበቶ ዘለበታችሁን አውልቁ። በር ላይ ተደግፎ ጣራ ሲያጥብ በቀበቶው የጫረ ሰው አውቃለሁ።

አንድ፦ ጎማና ቸርኬ

ከጎማው ጀምሩ፤ ዋናው ቆሻሻ እዚያ ነው ያለው። አካሉን ጨርሳችሁ ወደ ጎማ ብትሄዱ የሚረጨው ጥቁር ውሃ ንጹሑን በር ያበላሸዋል። ቸርኬው ላይ የምታዩት ጥቁር ዱቄት ከፍሬን ሸራና ከዲስኩ የተፋቀ ብናኝ ነው። ብረት አለው። ስለዚህ የቸርኬ ብሩሽና ጨርቅ ቀለም ጋ በፍጹም አይደርስም።

ከመንገድ ወዲያው ገብታችሁ ከሆነ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ ውሃ አፍስሱ፣ በሻምፖ ፈትጉ፣ አለቅልቁ። የፓራፋንጎውን ውስጥም ውሃ ስጡት፤ ክረምት ላይ የሚጠራቀመው ጭቃ እርጥበት ይዞ ብረቱን የሚያዝገው እዚያ ነው።

ሁለት፦ ሳይነኩ ማውረድ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ጊዜ ካጠረኝ ሌላውን እቀንሳለሁ እንጂ ይህን አልነካም።

ከጣራው ጀምሩ። ውሃውን በቀስታ፣ በብዛት ልቀቁት። ከጣራ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ ኮፈን፣ ከዚያ ወደ በሮቹ። መሬት ላይ የሚወርደውን ውሃ ተመልከቱ። በጋ ላይ መጀመሪያ እንደ ሻይ በወተት ሆኖ ነው የሚወርደው። ጠራ እስኪል አታቁሙ። ስፖኪዮ ሥር፣ የበር መያዣ ውስጥ፣ የታርጋው ዙሪያ፣ መስታወትና በር የሚገናኙበት ላስቲክ ላይ አሸዋ ይደበቃል። እነዚህን ለየብቻ ውሃ ስጧቸው።

ቀጥሎ መርጫው ውስጥ ትንሽ ሻምፖ በጥብጡና መኪናዋን በሙሉ አልብሷት። አምስት ደቂቃ ያህል ትቆይ፤ እንዳይደርቅ ግን ተጠንቀቁ። የተጋገረው ቆሻሻ ይለሰልሳል። ከዚያ እንደገና በውሃ አውርዱት። እስካሁን እጃችሁ ቀለሙን አልነካም። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ግን አብዛኛው አቧራ ሄዷል።

በግፊት የሚረጭ ማሽን ያላችሁ ሰዎች አፍንጫውን ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቁ፤ ሰፋ አድርጎ በሚረጨው አፍ ተጠቀሙ። ጋራዥ የተቀባ ቦታ ወይም የተነሳ ቀለም ጠርዝ ላይ አታነጣጥሩ። ውሃው ከሥሩ ገብቶ ቀለሙን እንደ ልጣጭ ያነሳዋል።

ሦስት፦ በጓንት ማጠብ

ጓንቱን ሻምፖው ውስጥ ነከር አድርጉት። ከጣራው ጀምሩ። አትጫኑ፤ የጓንቱ ክብደት ራሱ ይበቃል። እጃችሁን ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ሂዱ፣ እንደገና ቀጥ አድርጋችሁ ተመለሱ። ክብ አትሥሩ። ድንገት ጭረት ቢወጣ እንኳ ቀጥ ያለ ጭረት ከአንድ ማዕዘን ብቻ ነው የሚታየው። ክቡ ከየትም አቅጣጫ ብርሃን ይይዛል። ኮሮላዬ ላይ ያየሁት የሸረሪት ድር የዚያ ውጤት ነበር።

የጣራውን ግማሽ ስትጨርሱ ጓንቱን ማለቅለቂያው ባልዲ ውስጥ አስገቡት። ማጥለያው ላይ እሹት፣ ጨመቅ አድርጉት፣ ከዚያ ወደ ሻምፖው መልሱት። ይህን በየግማሹ ነው የምታደርጉት። ጣራ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የኋላ ኮፈን፣ የበሮቹ ላይኛው ግማሽ። የበሮቹ ታችኛው ክፍልና ባምፐሮቹ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ጭቃው ያለው እዚያ ነው። ለታችኛው ክፍል ሌላ ጓንት ካላችሁ ቀይሩ።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ንጹህ ጓንት እርጥብ ቀለም ላይ ድምፅ የለውም። «ክርር» የሚል ትንሽ ድምፅ ከሰማችሁ እዚያው አቁሙ። አሸዋ ተይዟል። አንሱት፣ አለቅልቁት፣ ቦታውን በውሃ አውርዱት፣ ከዚያ ቀጥሉ። ጓንቱ መሬት ከወደቀ ደግሞ ለዚያ ቀን ሥራው አልቋል። ሌላ አምጡ።

ፀሐይ ወጣ ካለ በየክፍሉ እያጠባችሁ በየክፍሉ አለቅልቁ።

ሥራው ሲያልቅ የማለቅለቂያውን ባልዲ በቀስታ ድፉት። ሥሩ ላይ የተኛውን በጣታችሁ አንሱና እሹት። ዘበኛችን ይህን መጀመሪያ ባሳየኋቸው ቀን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ እላዩዋ ላይ ነበር?» አሉኝ።

አራት፦ የመጨረሻው ማለቅለቂያ

ቱቦ ያላችሁ አፉ ላይ የሚረጨውን ነገር አውልቁና ውሃው ዝም ብሎ እንዲፈስ አድርጉት። አፉን ወደ ቀለሙ አስጠጉና ከላይ ወደ ታች አውርዱት። ውሃው እንደ አንሶላ ተያይዞ ይወርዳል፤ ወደ ኋላ የሚተወው ጠብታ ጥቂት ነው። ለማድረቅ የሚቀረው ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። ጀሪካን ያላችሁም ለዚህ ጊዜ ማጠጫውን ትታችሁ በጆግ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱት።

አምስት፦ ማድረቅ

በደንብ አጥበው ማድረቁ ላይ የሚያበላሹ ብዙ ናቸው። አሮጌ ካናቴራ፣ የአልጋ ልብስ ቁራጭ፣ ጋዜጣ፣ ስፌት ያለው ፎጣ፣ ሁሉም ቀለም ላይ አይሆንም።

ትልቁን ፎጣ በሁለት እጃችሁ ዘርጉና ጣራው ላይ አልብሱት። ጥቂት ይጠጣ። ከዚያ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ በቀስታ ሳቡት። መፈተግ የለም። ፎጣው ሲከብድ ጨምቁት ወይም ቀይሩት። የስፖኪዮው፣ የበር መያዣውና የመብራቱ ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ውሃ በኋላ ይፈስና መስመር ይሠራል፤ ስለዚህ በሮቹን ከፍታችሁ ዝጉና በትንሿ ፎጣ ጠብታውን አንሱ። የበሩን ውስጠኛ ጠርዝም እግረ መንገዳችሁን አብሱት።

ውሃ በራሱ እንዲደርቅ አትተዉት። ነጭ ነጠብጣብ ከቀረ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ፣ በትንሽ ፎጣ ነክራችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ቦታው ላይ አኑሩ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

የወፍ ኩስ፣ ሙጫ፣ ሬንጅ፣ ሲሚንቶ

የወፍ ኩስ ቀን አይሰጥም። አሲድ አለው፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ክሊሩ ውስጥ ይሰምጥና ቅርጹን ትቶ ይሄዳል። በጥፍር አትፋቁት፣ በደረቅ ሶፍትም አትጥረጉት፤ ወፏ የበላችው የጥሬ ቅርፊትና አሸዋም አብሮ አለበት። ሶፍት ወይም ጨርቅ በውሃ አርሱና ላዩ ላይ አኑሩት። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሲለሰልስ ከላይ እንደ ማንሳት አድርጋችሁ አንሱት። እኔ መኪናዬ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሶፍት አይጠፋም።

ጥድ ሥር ወይም ግራር ሥር የምታቆሙ የሙጫ ችግር ይገጥማችኋል። አልኮል በትንሽ ፎጣ ነክራችሁ ቦታው ላይ ለጥቂት ሰከንድ አቆዩና በቀስታ አብሱ፣ ወዲያው በሻምፖ እጠቡ። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። በቅርብ ጋራዥ የተቀባ መኪና ላይ አልኮል አታድርጉ።

አዲስ አስፋልት ላይ የነዳችሁ ጊዜ በሩ ሥር የሚለጠፈው ሬንጅ በምግብ ዘይት ይለሰልሳል። ቀቡት፣ አሥር ደቂቃ ተዉት፣ አብሱት፣ በሻምፖ ቅባቱን አንሱ።

ከተማው ግንባታ ላይ ነው፤ በየመንገዱ ሲሚንቶ አለ። የሲሚንቶ አቧራ ላይ ጤዛ ሲወርድበት ይጋገራል፣ ቀለሙንም ይበላል። ግንባታ አጠገብ አቁማችሁ ካደራችሁ በጠዋት ብዙ ውሃ አፍስሱበት። በጨርቅ የመጀመር ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ።

አዲስ የተቀባች መኪና ካላችሁ

ብዙዎቻችን የምንነዳው ጋራዥ የገባች መኪና ነው። የቀለም ማድረቂያ ፎርኖ ውስጥ ሳይገባ በአየር የደረቀ ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በውሃ ብቻ በለሆሳስ እጠቧት። ሰም ለመቀባት ቀለም ቀቢውን ጠይቁ፤ በጥቅሉ ከአንድ እስከ ሦስት ወር መጠበቅ ነው። ቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ መውጣት አለበት፤ ሰም ከደፈነው ይታፈናል።

ሰም

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይሰማንም፤ ቀለሙ ግን ይሰማዋል። ጣራቸውና ኮፈናቸው ነጥቶ የተላጠ መኪኖችን አስተውሉ። ፀሐይ ቀጥ ብላ የምታርፍባቸው ቦታዎች ናቸው።

መኪናዋ ታጥባ ከደረቀች በኋላ ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁና ኮፈኑን ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሰሙ ሂዱ። ሻካራ ከሆነ ውሃ ያላወጣው ቆሻሻ ተጣብቋል ማለት ነው። ለዚህ ክሌይ የሚባል ሊጥ የመሰለ ነገር አለ። ቦታውን በሻምፖ ውሃ አርጥባችሁ ሳትጫኑ ታንሸራትቱታላችሁ፤ ቆሻሻውን ይለቅመዋል። በየጊዜው አጥፋችሁ ንጹሑን ፊት አውጡ። መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ አሸዋው አይወጣለትም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል።

ሰሙን በጥላ ሥር ቀቡ። ስስ ይሁን፤ ኮፈኑን በሙሉ ለመቀባት የጣት ጫፍ የምታክል ትበቃለች። ሲደበዝዝ በንጹህ ፎጣ አንሱት። ወፍራም ሰም የበለጠ አይጠብቅም፣ ለማንሳት ብቻ ያስቸግራል። ካርናውባ ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የተሠራ ሰም ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሹ ደግሞ ጥቂት ወራት ይቆያል። በዓመት ሁለቴ ብቻ መቀባት ለምትችሉ፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራና ግንቦት መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሳይገባ አድርጉት። ውሃ ሲነካው እንደ ዶቃ ክብ ክብ እየሆነ ከተንከባለለ ሰሙ አለ። ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል።

ፖሊሽ ላይ አጭር ነው የምለው። ጭረቱ ላይ ጥፍራችሁን አሳልፉ። ጥፍሩ ከያዘው በፖሊሽ አይወጣም፣ አትልፉ። ካልያዘው ለዓይን የሚያስቀይም እስኪሆን ድረስ ተዉት። ማሽን ይዞ ወደ ጠርዝ መሄድ ክሊሩን በደቂቃ ያቃጥላል። በአንድ ቀን የሚለመድ ሙያ ስላልሆነ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ ማሽኑ ላይ ከሱፍ ይልቅ ስፖንጅ ገጥሞ እንዲሠራላችሁም ጠይቁት።

የውስጡ ነገር

የወለል ምንጣፉን አውጥታችሁ አራግፉ፣ በሻምፖ ፈትጋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ወንበሩን ጥረጉ ወይም በቫኪዩም ሳቡ። ዳሽቦርዱን በእርጥብ ማይክሮፋይበር አብሱት። የሚያብረቀርቅ ቅባት አትቀቡት፤ ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና መንገዱን ይጋርዳችኋል። ፕላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት ከውስጥ በውሃ ብቻ ይታበስ፤ አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃ ፕላስቲኩን ያስለቅቀዋል።

ሞተር ክፍሉ ላይ ቱቦ አትክፈቱበት። ዲናሞው፣ የፊውዙ ሳጥን፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ውሃ አይወዱም። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ በብሩሽ አቧራውን አራግፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ብዙ ናችሁ። ቀለሙን ከላይ በጻፍኩት መንገድ እጠቡ። ቻርጅ ላይ እያለች ግን አትጠቧት። ኮፈን ውስጥ የምታዩዋቸውን ብርቱካንማ ገመዶችም አትንኳቸው፤ ከፍተኛ ኃይል የሚሄደው በእነሱ ነው።

ከእሁድ እስከ እሁድ

በሁለቱ እጥበቶች መሀል ያለው ሳምንት ነው ቀለሙን የሚበላው። አቧራ ለብሳ ስታዩዋት እጃችሁ ይበላችኋል፤ አውቀዋለሁ። የፊት መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ መብራቱን፣ ታርጋውን በውሃ አጽዱ። ሌላውን ተዉት። የላባ አቧራ ማራገፊያም አይሻልም።

የመኪና ልብስ የምታለብሱም ንጹህ ቀለም ላይ ብቻ አልብሱ። ከሥሩ አቧራ ካለ ነፋሱ ልብሱን ባወዛወዘው ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲፍቅ ያድራል።

መኪና የሚጠብቁ ልጆች እስክትመለሱ በደረቅ ጨርቅ ሲወለውሉላችሁ በበጎ ነው፤ የሚከፈላቸውም ለዚያ ይመስላቸዋል። ስትወርዱ «የኔ ወንድም፣ ጠብቅልኝ እንጂ አትወልውላት፤ ሂሳብህ ያው ነው» በሉት። ይገባዋል።

ዘበኛችንን መንገር ነበር የከበደኝ። «አባባ፣ ከነገ ጀምሮ መኪናዋን አይወልውሉልኝ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?» ቀለም ቀቢው ያሳየኝን አሳየኋቸው። የስልኬን መብራት ኮፈኑ ላይ አበራሁ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት፣ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ አብረን ነው የምናጥባት። ጣራው የእኔ ነው፣ ጎማው የእሳቸው።

ስትጨርሱ ፎጣዎቹንና ጓንቱን ከሌላ ልብስ ለይታችሁ በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ጥጥ ልብስ ጋር ከታጠቡ ብናኙን ይይዛሉ። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፤ ውሃ የመጠጣት ኃይላቸውን ይቀንሰዋል። ገመድ ላይ ጥላ ሥር ስጧቸው፤ አጥር ላይ ወይም ሣር ላይ አይሁን። ሲደርቁ የቀለሙን ለብቻ፣ የቸርኬውን ለብቻ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አስቀምጡ።